ስንዱ ፈቅዳልኝ አልነበረም

ሲዝን ሦስት ተገኘ!

«የሰማይ ታንኳ»ን የማትከታተሉ ሰዎች ይህ ምን ያስጮሃል ትሉ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

«የሰማይ ታንኳ» እኛ ሳንወለድ የተጀመረ፣ እስከ ዛሬም ያላለቀ የውጭ አገር ተከታታይ ፊልም ነው። ምድራቸውን ውሃ የዋጠባቸው ሰዎች በአንዲት መርከብ ተሳፍረው፣ ከኮከብ ኮከብ እየተንከራተቱ፣ የሚያርፉበት አገር ይፈልጋሉ። ካፒቴን ይሞታል፤ ካፒቴን ይተካል፤ አገሩ ግን አይገኝም። አባቴ አንድ ቀን ቆሞ ትንሽ አየና «ቆይ፣ ይኼ ሁሉ ነዳጅ ከየት ነው የሚመጣላቸው?» ብሎ ወደ ሱቁ ተመለሰ። እኛ ግን በዚህ ፊልም ነው ያደግነው።

ጎንደር ውስጥ ሲዲ በሚከራይበት ቤት ሁሉ ሲዝን አንድና ሁለት አለ። አራት አለ፣ አምስት አለ፣ ከዚያም ወዲህ ያሉት አሉ። ሦስት የለም። ወደ ከተማችን የገባችው አንዲት ሲዲ ብቻ ነበረች ይባላል፤ እሷም የመግቢያው ሙዚቃ እንዳለቀ ሥዕሉ ይቆምና ይቀራል። ጉዱ ደግሞ ሁሉ ነገር የሆነው እዚያ ውስጥ ነው። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ኦራና ታናሽ እህቷ ኒማ እጅ ለእጅ ተያይዘው በረዶ በዋጠው ጣቢያ በር ላይ ቆመዋል። በአራተኛው መጀመሪያ ኦራ ብቻዋን ናት። ካፒቴን ሆናለች። የኒማን ስም የሚያነሣ ሰው የለም።

በመሃሉ ምን ሆነ? ኦራ እህቷን ጥላ ሸሸች ወይስ ተገደደች? በዚህ ጥያቄ የተኳረፉ ጓደኛሞች አውቃለሁ። ኢንተርኔት ቤት ገብታችሁ አታነቡትም ነበር ወይ የሚል ካለ፣ አንዷ ገጽ እስክትከፈት ሰው የያዘው ጊዜ ያልቃል፤ ደግሞም በእኛ ሕግ ሳያዩ ማወቅ ነውር ነው። ያላየነውን መገመት፣ በገመትነው መሟገት፣ ይኼ ነበር የእኛ ወግ።

እና ዛሬ ጠዋት አያ መንገሻ መጣ። አያ መንገሻ የአባቴን ጨርቅ ወደ ሰሜን የሚያመላልስ ሹፌር ነው። ሱቃችን በር ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ሳይወርድ፣ በመስኮቱ ጮኸ፦

«አንች ሐያት! ያ ስትሟገቱበት የኖራችሁት ጉድ ተገኘላችሁ!»

«የቱ ጉድ፣ አያ መንገሻ?»

«የጎደለው ነዋ! አዲ አርቃይ፣ ከመናኸሪያው ጎን፣ እህትማማቾቹ ሻይ ቤት። ከላይ የወረደ ሹፌር አምጥቶላቸው። እሑድ እሑድ ሊያሳዩት ነው። የጎንደር ልጆች ይምጡ በልልኝ ብላኛለች ትልቋ።»

«ትልቋ ማን ናት?»

«ምነው፣ ዘነጋሻት? ያች እዚህ ትማር የነበረችው የጃናሞራዋ። ስንዱ። ታናሿ ናት ሻይ የምትቀዳው። ሳቋን ብትሰሚው! ሊማሊሞን ስወርድ የያዘኝን ድካም ነው የሚያስረሳኝ።»

ዘለልኩ። ሳላስበው እልልታ አወጣሁ፤ አባቴ የሚለካውን ጨርቅ አቋርጦ ዞረ። ከዚያ ወደ ሱቁ ጓዳ ሮጥኩና በአቡጀዲ ጣቃዎቹ መሃል ተወሽቄ አለቀስኩ። አባቴ የደስታ መስሎት ሳቀብኝ። ደስታም ነበር። «እህትማማቾቹ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ በኋላ ሲዝን ሦስት ከጆሮዬ ወጥቶ ነበር። ሁለቱ አብረው ናቸው። ታናሿ ትስቃለች።

እስከዚህ ያለውን ዛሬ ላገኘሁት ሁሉ አውርቻለሁ። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለእናቴም። አብሮኝ ለሚተኛው ትራስም እንኳ።

የአማርኛ መምህራችን በትምህርት ቤቱ መጽሔት ላይ ስለ ፊልም የምጽፍበት አንድ ገጽ ሰጥተውኛል። «እጅሽ ተፈታ፣ ከእንግዲህ አትፍሪ» አሉኝ። እውነት ነው፣ ዘንድሮ መጻፍ እንደምችል አውቄያለሁ፤ ቃል ስጠራው ይመጣልኛል። የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ ሲዝን ሦስት መገኘት ብቻ ሊሆን ነበር። ዜናውን ጽፌ፣ ቃለ አጋኖ ደርድሬ፣ መጨረስ እችል ነበር። ግን እንዴት አድርጌ ነው ስንዱ አገኘችው ብዬ የምጽፈው፣ ስንዱ ለምን ከጎንደር እንደሄደች ሳልጽፍ? መናገር የምችልበት አፍ ሳገኝ መጀመሪያ ያደረግሁትን አውቃለሁና፣ ይህን ገጽ ሳገኝም መጀመሪያ ያንን ልናገር።

እዚህ ከተማ ጓደኞቼ ጥፋት ሲሠሩ ወደ ንስሐ አባታቸው ይሄዳሉ። ስንዱም ነበራት። እኛ ቤት እንዲያ ያለ ነገር የለም። እናቴ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ «የአላህን ሐቅ አላህ ይምርሻል፤ የሰውን ሐቅ ግን ባለቤቱ አፉ ካላለሽ አላህም አያልፍልሽም።» ስለዚህ እናንተ አንባቢዎቼ ይህን ብትሰሙኝም ልትምሩኝ አትችሉም። አውቄው ነው የምነግራችሁ።

ስንዱ ከጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን የመጣች ልጅ ናት። ያኔ ዘጠነኛ ክፍል ነበርን። ከደጋ መጥተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ከቤተሰብ ስንቅ እየተላከላቸው የሚማሩ ብዙ ልጆች ነበሩ፤ እሷ ግን ስንቅ የሚያመጣላት ሰው አልነበረም። ቁስቋም ከአክስቷ ጋር ነበር የምትኖረው። አክስቷን እቴ ጥሩወርቅ እንላቸዋለን፤ ልብስ አጣቢ ናቸው። ስንዱ ለምን ወደ አገሯ እንደማትሄድ፣ ለምን ከአገሯ ልጆች ጋር እንደማትቀመጥ አልጠየቅኋትም። እኔ የፈለግሁት ተመልካች ነበር። ከሱቃችን ጓዳ አሮጌው ቴሌቪዥንና ማጫወቻው ነበሩ፤ ከትምህርት በኋላ ሁለታችን ጣቃ ላይ ተቀምጠን እናያለን። የፊልሙን እንግሊዝኛ እኔ እተረጉምላታለሁ። አንዳንዴ ሰንፌ ስዘል ትይዘኛለች።

«ያ ሰውዬ ያን ሁሉ አፉን አላወሰ፣ አንች ‘እሽ አለ’ ብቻ?» ትለኛለች።

«ዋናው እሱ ነው።»

«ዋናውን ትተሽ ጭራውን ንገሪኝ እንግዲያ።»

እንዲህ ነበረች። እኔ ስለ መርከቧ ፍጥነትና ስለ መሣሪያው እከራከራለሁ፤ እሷ ሁልጊዜ ስለ ሰዎቹ ነበር። በመርከቧ ምግብ ቤት ውስጥ ከኋላ ሆና የምታልፍ፣ ስም የሌላት አንዲት ሴት አለች፤ በየሲዝኑ ትታያለች። ስንዱ ስም አወጣችላት። «ይችን ሴት አንድ ቀን ሳያናግሯት ፊልሙ ካለቀ እኔ አልምራቸውም» ትል ነበር። ከእሷ በኋላ ያንን ፊልም እንደ ድሮው ማየት አልቻልኩም። ሰዎች ዛሬ «ሐያት ፊልም ታውቃለች» የሚሉኝ ያንን ዓይን ከእሷ ስለወሰድኩ ነው። እሱንም አብሬ ልናዘዝ።

ስለ ኦራ ሁላችንም ከሁለት ወገን ነበርን፤ ወይ ሸሽታለች፣ ወይ ተገድዳለች። ስንዱ ብቻ ሦስተኛ ሐሳብ ነበራት።

«ሸሽታለች» አለች አንድ ቀን። «ሸሽታለች እንጂ። ግን ስትሸሽ በእሷ ቦታ እህቷን እንደሚያስገቡ አላወቀችም።»

«ይኼ ከየት መጣ? ፊልሙ ላይ የለም።»

«ፊቷን አታዪም? ባወቀችማ ኖሮ እንዲህ አታይም። ሳታውቅ ሄዳ፣ ኋላ የሰማች ሰው ፊት ነው።»

በዚያ መሃል መብራት ጠፋ። ጓዳው መስኮት የለውም፤ በበሩ ስንጥቅ የሚገባ ብርሃን ብቻ ቀረ። ሳቅ ብዬ «አንቺ ደግሞ ፊት አንባቢ ሆንሽ» አልኳት። አልሳቀችም። ከዚያ ነገረችኝ።

ሊድሯት ነበር። ጌሾው ተወቅጦ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ሰው ተጠርቶ ነበር። እሷ ትምህርቷን ፈለገች። ጎህ ሳይቀድ ወጣች፣ በእግሯ ወርዳ መኪና መንገድ ደረሰች፣ አክስቷ ዘንድ ጎንደር ገባች። ስትሮጥ ያሰበችው ድግሱ ይቀራል ብላ ነበር። አልቀረም። ደግሶ፣ እንግዳ ጠርቶ፣ ሙሽራ የለም ማለት ለአባቷ ሞት ሆነባቸውና ታናሿን ውዴን አለበሷት። የእሷን ልብስ። የሰማችው ከወር በኋላ ነው። ለአገሯ ሰው አክስቷ «ስንዱ አረብ አገር ሄዳለች» ብለው ነበር፤ ጎንደር መኖሯን ከዘመድ ማንም አያውቅም።

«ለንስሐ አባቴ ተናግሬያለሁ» አለችኝ በጨለማው። «ሁለተኛዋ አንች ነሽ። ሦስተኛ የለም።»

«ወላሂ ለማንም» አልኳት። ማልኩላት። መብራቱ ሲመጣ ሁለታችንም ዓይናችንን ከዓይናችን አሸሸን፤ ሲዲው ከመጀመሪያው እንደ አዲስ ጀመረ።

እኔ ነኝ የማልኩት። ማንም አላስማለኝም።

ትምህርት ቤታችን ሚኒ ሚዲያ አለው፤ በዕረፍት ሰዓት በድምፅ ማጉያ ግጥም፣ ዜናና ቀልድ ይቀርባል። ዓርብ ዓርብ ደግሞ ክርክር ነበረ፤ ግቢው በሙሉ ቆሞ የሚሰማው እሱን ነው። ያን ዓርብ ርዕሱ «ኦራ ፈሪ ናት ወይስ አይደለችም?» ሆነ። ማይክ ይዤ አላውቅም ነበር። ኦራን እንድከላከል መረጡኝ። በተቃራኒው ቢኒያም የሚባል ልጅ ቆመ፤ ምላሱ መላጨት የሚችል ልጅ ነው።

የስንዱን ሐሳብ ይዤ ጀመርኩ። ሸሽታለች፣ ግን አላወቀችም አልኩ። ቢኒያም እስክጨርስ ጠበቀኝና፦

«ሐያት ሲዝን ሦስትን አልማ አይታዋለች መሰለኝ» አለ። ግቢው ሳቀ። «እስቲ ንገሪን፤ እንዲህ ያለች ሴት የት ነው ያለችው? እህት በእህቷ ቦታ ስትገባ የማታውቅ? ይህን የፈጠረው ደራሲው እንኳ አይደለም፣ አንቺ ነሽ! ከዓለም አንድ፣ አንድ ብቻ አምጪልኝና ማይኩን እዚሁ አስቀምጬ እወርዳለሁ።»

ጭብጨባው ግቢውን ሞላው። ጆሮዬ ጋለ። እዚህ ላይ ዝም ማለት እችል ነበር። «አላውቅም» ማለት እችል ነበር። መሸነፍ እችል ነበር፤ በፊልም ክርክር የተሸነፈ ሰው ሞቶ ያውቃል?

እኔ ግን ተናገርኩ።

«አለች» አልኩ። «እዚሁ ግቢያችን ውስጥ አለች።» ድግሱን ተናገርኩ። ጎህ ሳይቀድ መውጣቷን ተናገርኩ። የእህቷን መልበስ ተናገርኩ። ስሟን አልጠራሁም። ስም አልጠራሁም እያልኩ ስንት ጊዜ ራሴን አባብያለሁ! «ከመካነ ብርሃን» ብዬ ነበርና። በግቢው ከመካነ ብርሃን የመጣች ስንቅ የማይላክላት ሴት ልጅ ስንት አለች?

ደግሞ ጥሩ አድርጌ ተናገርኩት። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ይኼ ነው። ድምፄን ዝቅ አደረግሁ፣ መቆም ያለብኝ ቦታ ቆምኩ፣ «የእሷን ልብስ» ስል ግቢው እስትንፋሱን ሲይዝ ተሰማኝ። ሰውን ዝም ማሰኘት እንደምችል ያወቅሁት በዚያች ደቂቃ ነው። ዛሬ የምጽፍበት ድፍረት የተወለደው እዚያ ነው። ጣፈጠኝ። አልዋሽም፣ ጣፍጦኛል።

የሚኒ ሚዲያው ክፍል መስኮት ወደ ውሃ ቧንቧው ያያል። ስንዱ እዚያ ነበረች፤ በሃይላንድ ውሃ እየቀዳች። ሃይላንዱ ሞላ። ውሃው በአፉ ፈሰሰ፣ በእጇ ላይ ፈሰሰ፣ ጫማዋን አረጠበ። አልዘጋችውም። ከኋላዋ ወረፋ የያዙት ልጆች አልጮኹባትም፤ ያዩዋት ነበር።

ቢኒያም ማይኩን አስቀመጠ። አሸነፍኩ። ልጆች ተሸከሙኝ።

ከመሃላቸው አንዷ «ግን ስንዱ አትቀየምም?» ብላ ጠየቀችኝ። ያንጊዜም በር ነበረኝ። «አጠፋሁ» ብዬ ልወጣ የምችልበት በር። እኔ ግን ዓይኔን ሳላሽ «ኧረ እሷ ፈቅዳልኝ ነው!» አልኩ። ይኼው ነው ውሸቱ። ታሪኩንማ ግቢው ሁሉ ሰምቶታል፤ እስከ ዛሬ ማንም የማያውቀው ይህንን ነው። ሁላችሁም እሷ ያስነገረችው መስሏችኋል። «ደፋር ናት፣ በራሷ ላይ አስነገረች» ያላችሁ ነበራችሁ። አላስነገረችም። አልፈቀደችልኝም። አልጠየቅኋትም። አደራ ነበር፤ በላሁት።

በሁለተኛው ደወል ስንወጣ በሩ ላይ አገኘኋት። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ጫማዋ ገና አልደረቀም ነበር። አየችኝና፦

«ሸጋ አርገሽ ተናገርሽ» አለችኝ።

ይኸን ብቻ። በዚያው ወደ ቁስቋም ዳገቱን ወጣች። አንደበቴ ያን ሁሉ ሰው ሲያስጨበጭብ ቆይቶ፣ ለአንድ ሰው «አፉ በይኝ» ማለት አቃተው።

በሚቀጥለው ሳምንት ለአንድ የደጋ ልጅ አባቱ ስንቅ ይዘው መጡ። ልጁ በክፋት አልነበረም፤ የሰማውን እንደ ወግ አወራላቸው። አባቱም አገር ገብተው እንደ ወግ አወሩ። ከዚያ የስንዱ አጎቶች መጡ። እቴ ጥሩወርቅ ቤት ተቀመጡ፣ ጋቢያቸውን ሳያወልቁ። ለፍርድ አይደለም አሉ፣ ለዕርቅ ነው። አባቷ ታመዋል አሉ። ይዘዋት ሄዱ። ሰኞ ወንበሯ ባዶ ሆነ፤ ማክሰኞ ሌላ ልጅ ተቀመጠበት።

እቴ ጥሩወርቅ ሱቃችን መጡ። እጃቸው በሳሙና የተሰነጣጠቀ ነው። በሩ ላይ ቆሙና፣ አባቴ እየሰማ፣ «ልጄ፣ አብራሽ ትውል ነበርና፣ ማን እንዳወጣባት ታውቂ ይሆን?» አሉኝ። እኔን የጠየቁኝ ስለሚያምኑኝ ነው። «እህል ውሃ አብራችሁ ቀምሳችኋልና» አሉኝ።

«አላውቅም እቴ» አልኩ።

አባቴ ወንበር አቀረበላቸው። አልተቀመጡም። እኔ ጨርቅ ማጠፍ ቀጠልኩ፤ ያንኑ ጨርቅ አጠፍኩ፣ ፈታሁ፣ አጠፍኩ።

ከዚያ ወዲህ ምን አላልኩም? ልጅ ነበርኩ አልኩ። ለእሷ ብዬ ነው፣ ሰው እንዲረዳት ነው አልኩ። ኦራን ሁሉም ሲሰድባት፣ ሳይታወቃቸው ስንዱን እየሰደቡ ነበርና፣ የተከላከልኩት እሷን ነው አልኩ። ይህ ሦስተኛው ሰበብ ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ሰጥቶኛል፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ግን እውነት እሷን ልከላከል ብፈልግ ኖሮ፣ ቢኒያም «አንድ አምጪልኝ» ሲል ማምጣት ነበረብኝ? ለሌለች ሴት፣ ለፊልም ሴት፣ ስም ብዬ፣ ያለችውን ሴት አሳልፌ ሰጠሁ። ኦራ ምንም አትሆንም፤ በአራተኛው ሲዝን ካፒቴን ናት። ስንዱ ግን ሲዝን አራት እንደሚኖራት ማን ዋስ ነበራት?

ሁለት ዓመት ስለ እሷ የሰማሁት የተረጋገጠ ነገር አልነበረም። አንዳንዱ ዳሯት ይላል፤ አንዳንዱ ታማለች ይላል። አያ መንገሻ ከሰሜን በተመለሰ ቁጥር ልጠይቀው አፌን እከፍትና ስለ መንገዱ እጠይቀዋለሁ። ቧንቧው ሲፈስ ሳይ እዘጋለሁ፤ የማንም ይሁን፣ ሮጬ እዘጋለሁ። ጓደኞቼ «የውሃ ቆጣቢዋ» ይሉኛል። ለምን እንደሆነ አሁን ታውቃላችሁ።

እና ዛሬ ጠዋት «እህትማማቾቹ» ተባለ።

ስንዱ ውዴን እንዴት እንዳወጣቻት አላውቅም። አያ መንገሻ ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር፤ «እንደው ያች ልጅ የሠራችው ሥራ...» ሲል አቋረጥኩት። ስለ ሁለቱ ሌላ ታሪክ በጆሮዬ እንዲገባ አልፈለግሁም። የነገሩኝን አልጠበቅሁም፤ ያልነገሩኝን በምን አፌ እጠይቃለሁ? የማውቀው ይህን ብቻ ነው፦ እኛ ኦራ ምን እንዳደረገች ማይክ ይዘን ስንጨቃጨቅ፣ ስንዱ እኔ ወደገፋኋት ቤት ተመልሳ፣ እህቷን ይዛ ወጣች። ይህን በየትኛውም ሲዝን አላየሁም።

ደግሞ በመልካም ስላለቀ የእኔ ጥፋት ቀለለ እንዳትሉኝ። አጎቶቿ ካልወሰዷት ውዴን አታወጣትም ነበር፣ ስለዚህ ለበጎ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። እባካችሁ፣ እንዲያ አትበሉኝ። ያ በጎ የእሷ ነው። የእኔ ድርሻ ማይኩና ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ሳቋ ሹፌር የሚያሳርፍ ያች ልጅ ስትስቅ፣ ከሳቁ ውስጥ ለእኔ የሚደርሰኝ የለም።

አሁን ግብዣውን ላስተላልፍ፤ የተላከው ለእናንተ ነውና።

አዲ አርቃይ፣ ከመናኸሪያው ጎን፣ የእህትማማቾቹ ሻይ ቤት። እሑድ ከሰዓት። ሲዝን ሦስት፣ ከመግቢያው ሙዚቃ እስከ መጨረሻው። የጎንደር ልጆች ይምጡ ብላለች። ከዚህ አውቶቡሱ ማለዳ ነው የሚነሣ፤ ሊማሊሞን ስትወርዱ በግራ መስኮት አትቀመጡ፣ ገደሉን የፈራ ሰው ፊልሙን ደክሞት ነው የሚያየው። ቢኒያም፣ አንተም ሂድ። ኦራን የምትወዱም፣ ፈሪ የምትሏትም ሂዱ። ተከራከሯት፤ ክርክር ትወዳለች፤ ጭራውን ትታችሁ ዋናውን ብቻ ብትነግሯት ግን አትለቃችሁም። ውዴን ሻይ ጠይቋት። ሌላ ነገር አትጠይቋት።

«የጎንደር ልጆች» ሲባል እኔ አለሁበት? ጎንደር ነው የተወለድኩት። ግን ስሜን ጠርታ አልላከችም፤ አያ መንገሻን ሁለቴ ጠይቄዋለሁ። ስለዚህ እስክትጠራኝ አልሄድም። ካልጠራችኝም ሲዝን ሦስትን ሳላይ እኖራለሁ፤ ስትመለሱ ኦራ ምን እንዳደረገች አንዳችሁም እንዳትነግሩኝ። ይህን ገጽ ግን ይዛችሁላት ሂዱ። ፊልሙ ሳይጀመር ስጧት፤ መብራት ከጠፋ ደግሞ በበሩ ብርሃን ታንብበው።

አፉ በይኝ አልላትም በእናንተ አፍ። እሱን ፊቷ ቆሜ የምለው ነው፣ ከፈቀደችልኝ። እናንተ «ሐያትስ?» ብላ ከጠየቀቻችሁ ብቻ፣ ከጠየቀቻችሁ ብቻ፣ «ስንዱ አልፈቀደችልኝም ነበር ብላ ለግቢው ሁሉ ተናግራለች» በሏት።